ግርሻት፦ ካላዛርና ኤችአይቪ በሰሊጥ አገር

ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ የመተማንና የሁመራን ዋልካ አፈር ሲያረጥብ፣ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርደው መንገድ በወጣቶች ይሞላል። ከጎጃም፣ ከጎንደር ደጋማ ወረዳዎች፣ ከወሎ፣ ከትግራይ የተነሱ ናቸው። ብዙዎቹ የያዙት አንድ ቅያሪ ልብስና አንድ ጋቢ ነው። የሰሊጡን አረም አርመው ይመለሳሉ። መስከረም ሲጋመስ ደግሞ ሌላ የሰው ጎርፍ ይወርዳል፤ የደረሰ ሰሊጥ ቀኑ ካለፈበት ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋልና ባለ እርሻው አጫጅ ፍለጋ ይጣደፋል።

የቆላው ቀን ያቃጥላል። የቀን ሠራተኛው ማታ ጎኑን የሚያሳርፈው ብዙ ጊዜ ሜዳ ላይ፣ ቀን ጥላው ሥር ባረፈበት በዚያው ግራር ሥር ነው።

ሲመሽ ከዋልካው ስንጥቅና ከዛፉ ሥር የምትወጣ አንዲት ዝንብ አለች። የአሸዋ ዝንብ ትባላለች፤ ተመራማሪዎች ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስ ብለው መዝግበዋታል። የወባ ትንኝን ሢሶ ብታህል ነው፤ ቁመቷ ሦስት ሚሊ ሜትር አይሞላም። ስትበር ድምፅ ስለሌላት የተኛ ሰው አትቀሰቅስም። ሴቲቱ ለእንቁላሏ የሚሆን ደም ስትመጥ፣ ሌይሽማኒያ ዶኖቫኒ የተባለውን ጥገኛ ተውሳክ በሰውየው ቆዳ ውስጥ ትታ ትሄዳለች። ጠዋት ላይ የሚያሳክክ ትንሽ ነጥብ ቢታይ ነው፤ ያም አይታወስም።

ቀጥሎ የሚመጣው የጎንደርና የቆላዋ ከተማ የአብደራፊ ሐኪሞች ደጋግመው ያዩት ታሪክ ነው። ወጣቱ ያጠራቀማትን ገንዘብ ይዞ ወደ ቀዬው ተመልሷል። ከወራት በኋላ ትኩሳት ይጀምረዋል። ወባ ነው ተብሎ የወባ መድኃኒት ይወስዳል፤ የተሻለው ይመስለውና ይመለስበታል። ታይፎይድ ነው ይባላል፤ ሌላ መድኃኒት ይወስዳል። ከዚያ ጸበል ይሄዳል፤ ሳምንታት ይቆያል። ክንዱና ጭኑ ይመነምናል፣ ሆዱ ግን እየተነፋ ይሄዳል። ከግራ ጎድኑ በታች ጠጣር ነገር በእጁ ይዳስሳል። ያበጠ ጣፊያው ነው። ነስር ይመጣል፣ ፊቱ ይገረጣል፣ ዳገት ያደክመዋል። ሐኪም ቤት ሲደርስ ብዙ ጊዜ በሰው ትከሻ ተደግፎ ነው።

እዚያ ሁለት ምርመራ ይታዘዝለታል። አንዱ ካላዛርን፣ ሌላው ኤችአይቪን ይፈትሻል። ሁለቱም በሽታዎች ከተገኙበት የሰውየው በሽታ ስሙ ካላዛር ይባል እንጂ ሌላው ሰው የሚታመመው ካላዛር አይደለም። ምርመራው ይከብዳል፣ መድኃኒቱ ይለያል፣ የሕክምናው ጊዜ ይረዝማል፤ ከዳነም በኋላ ተመልሶ የሚመጣበት ዕድል ሰፊ ነው። አማርኛ ለዚህ መመለስ ጥሩ ቃል አለው፦ ግርሻት።

በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ይህ ጥምረት ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚነካ አልነበረም። ችግሩ በበረታባቸው ዓመታት ከአካባቢው የካላዛር ታማሚዎች እስከ 40 በመቶ የሚደርሱት ኤችአይቪ በደማቸው ውስጥ ተገኝቶባቸዋል። ይህ ድርሻ በዓለም ከተመዘገቡት ከፍተኛዎቹ አንዱ ነው። በኋላ ቁጥሩ ዝቅ ቢልም ችግሩ አልጠፋም። ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከቤቱና ከትዳሩ ርቆ፣ ወራትን ከወንዶች ጋር በካምፕ የሚያሳልፍ፣ ደመወዙን በአንድ ቀን የሚቀበል ወጣት በከተማው ጠርዝ ባሉ መጠጥ ቤቶች ኤችአይቪ ያገኘዋል፤ ሜዳው ላይ ደግሞ የአሸዋ ዝንቧ። ሁለቱም በሽታዎች የሚጠብቁት አንድ መንገድ ላይ ነው።

*

ካላዛር የሚለው ስም የመጣው ከሕንድ ነው፤ ጥቁር ትኩሳት እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ዊሊያም ሌይሽማን የተባለ ስኮትላንዳዊ የጦር ሐኪም፣ ካልካታ አጠገብ ዱምዱም በሚባል ሰፈር አገልግሎ ከሞተ ወታደር ጣፊያ የተወሰደ ናሙና ውስጥ ስላያቸው ጥቃቅን ክብ አካላት ጻፈ። በዚያው ዓመት ቻርለስ ዶኖቫን ማድራስ ውስጥ ያንኑ አገኘ። ሮናልድ ሮስ የሁለቱን ስም አጣምሮ ተውሳኩን ሌይሽማኒያ ዶኖቫኒ አለው። በአገራችን በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1942 በታችኛው ኦሞ ሸለቆ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የሁመራን ካላዛር ካጠኑት መካከል ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ይገኛሉ፤ ዓለም የሚያውቃቸው እንዶድ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በማግኘታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሰሊጥና የጥጥ እርሻው ሲሰፋ ወደ መተማና ሁመራ የወረዱት ደገኞች በብዛት ታመሙ። ደገኛው በሽታውን ከዚያ በፊት ስለማያውቀው ሰውነቱም አላወቀውም።

ሰውነት ካላዛርን የሚያውቅበትና የሚረሳበት መንገድ ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ጉዳይ ስለሆነ ጥቂት ቆም ብሎ ማየት ይገባል።

በሰውነታችን ውስጥ ማክሮፌጅ የሚባሉ ሴሎች አሉ። ሥራቸው ባዕድ ነገር ሲያገኙ መዋጥና መፍጨት ነው። ሌይሽማኒያ ግን መዋጥን አይሸሽም፤ የሚኖረው ተውጦ ነው። ማክሮፌጁ ውስጥ እንደገባ ረጅም ጅራቱን አሳጥሮ፣ ክብ ሆኖ ይቀመጥና ይራባል። ሴሉ ሲፈነዳ የወጡትን ሌሎች ማክሮፌጆች ይውጧቸዋል። እነዚህ ሴሎች በብዛት ያሉት ጣፊያ፣ ጉበትና መቅኔ ውስጥ ነው። ጣፊያው የሚያብጠው በዚህ ነው። የደም ሴል የሚሠራበት መቅኔ ሲወረርና ያበጠው ጣፊያ የደም ሴሎችን ሲያስቀር ደግሞ ታማሚው ደም ያንሰዋል፣ ነስር ያስቸግረዋል፣ ለሳምባ ምችና ለሌላውም በሽታ ይጋለጣል። ያልታከመ ካላዛር ከመቶ ታማሚዎች ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል።

ሆኖም ተውሳኩ የገባበት ሰው ሁሉ አይታመምም። ብዙዎች ምንም ሳያውቁ ተሸክመውት ይኖራሉ። የሚጠብቋቸው ሲዲ 4 በሚል መለያ የሚታወቁት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። እነዚህ ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ መልእክት ይልካሉ፤ መልእክቱ የደረሰው ማክሮፌጅ ይነቃና የዋጠውን ይገድላል። ይህ ሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም። በደንብ ታክሞ የዳነ ሰው እንኳ በሰውነቱ ጓዳ ጥቂት ተውሳኮች ሊቀሩበት ይችላሉ፤ ሲዲ 4 ሴሎቹ በየዕለቱ ስለሚጠብቋቸው ግን ቀና አይሉም። ስለዚህ ካላዛር ተፈወሰ ስንል ብዙ ጊዜ ማለታችን መድኃኒቱ ቁጥሩን ቀነሰ፣ የቀረውን ሰውነት ተረከበ ነው።

ኤችአይቪ የሚያጠፋው እነዚያኑ ጠባቂዎች ነው። ለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰው በካላዛር የመታመም ዕድሉ ከሌላው ከ100 እስከ 2,320 ጊዜ እንደሚበልጥ ይገልጻል። ጉዳቱ በአንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ ካላዛርም በፊናው የኤችአይቪን መራባት ያፋጥናል፣ ሲዲ 4 ሴሎችን ይቀንሳል፤ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት እየወሰደ እንኳ የታማሚው ሲዲ 4 ቶሎ እንዳያገግም ያደርጋል። ሁለቱ ጀርሞች ማክሮፌጅ ውስጥ ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ። መድኃኒት ተውሳኩን ቢቀንስም የሚረከብ ከሌለ የቀረው ተመልሶ ይበዛል።

ይህን ቀድማ ያየችው ደቡባዊቷ አውሮፓ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በስፔን፣ በጣሊያንና በፈረንሳይ ኤችአይቪ ያለባቸው ሰዎች፣ በተለይ አደንዛዥ ዕፅ በጋራ መርፌ የሚወስዱ፣ በካላዛር ይታመሙ፣ ይታከሙና ይገረሽባቸው ጀመር። እ.ኤ.አ. ከ1996 በኋላ የተቀናጀው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲስፋፋ ቁጥሩ በጣም ወረደ። በኢትዮጵያ ቆላ ግን መድኃኒቱ በስፋት እስኪገባ ዓመታት አለፉ፤ ሰዉም ተውሳኩ ወዳለበት መሬት በየዓመቱ ይመለስ ነበር።

*

በላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ችግሩ በግልጽ ይታያል። አርኬ 39 የሚባለው ፈጣን ምርመራ ከጣት በተወሰደች ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ መልስ ይሰጣል፤ በገጠር ጤና ጣቢያም ይሠራል። የሚፈልገው ግን ተውሳኩን ሳይሆን ሰውነት በተውሳኩ ላይ ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። መከላከያው የደከመ ሰው ፀረ እንግዳ አካሉም ሊያንስ ስለሚችል ምርመራው የለም ሊል ይችላል፤ ሰውየው ግን በተውሳክ ተሞልቷል። በሌላ በኩል አንዴ ታሞ የዳነ ሰው ፀረ እንግዳ አካሉ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ምርመራው አለ ይላል፤ በሽታው ገርሽቶበት እንደሆነና እንዳልሆነ ግን መለየት አይችልም።

ስለዚህ ሐኪሙ ወደ ተውሳኩ መኖሪያ መሄድ አለበት። ታማሚው በጀርባው ይጋደማል፤ የጣፊያው ጠርዝ በቆዳው ላይ በእስክርቢቶ ይሰመራል። ቀጭን መርፌ ገብታ ለመውጣት የሚፈጅባት አንድ ሰከንድ አይሞላም። ከዚያ በፊት የደሙ መጠንና ደም የሚያረጉት ሴሎች ብዛት ይፈተሻል፤ ጣፊያ ከደማ በቀላሉ አይቆምምና። ከዚያም በኋላ ታማሚው ለሰዓታት ሳይንቀሳቀስ ይተኛል፤ ነርሷ የደም ግፊቱንና የልብ ምቱን እየመጣች ትለካለች። ለመውጋት የሚያሰጋ ከሆነ ከመቅኔ ይወሰዳል፤ ተውሳኩን የማግኘት አቅሙ ግን ከጣፊያው ያንሳል።

ናሙናው በመስታወት ላይ ተለቅልቆ፣ ቀለም ተነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ ሺህ ጊዜ ጎልቶ ይታያል። ባለሙያው ይቆጥራል። በሺህ የእይታ ክፍል ከአንድ እስከ አሥር ብቻ ካገኘ አንድ መደመር ይጽፋል፤ በአንዱ ክፍል ብቻ ከመቶ በላይ ካየ ስድስት መደመር። የመደመሩ ቁጥር በአንድ ሲጨምር የተውሳኩ ብዛት አሥር እጥፍ ያድጋል። ኤችአይቪ ባለባቸው ታማሚዎች ላይ ከፍተኛዎቹን ደረጃዎች ማየት የተለመደ ነው።

ይህ ቁጥር የሚያሳስበው ሰውየውን ብቻ አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ የተውሳኩ ዋና ማደሪያ ሰው እንደሆነ ይታመናል። ተደጋግሞ የሚገረሽበት ሰው ብዙ ተውሳክ ይሸከማል፤ መድኃኒትም ደጋግሞ ወስዷል። የነከሰችው የአሸዋ ዝንብ መድኃኒት የለመደ ተውሳክ ወደ ጎረቤቱ ልታደርስ ትችላለች። የሊቦ ከምከም ወረርሽኝ እንዴት እንደተነሳ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ስጋት የወረቀት አይደለም። በዚያ ወረዳና በፎገራ ካላዛር ከዚያ በፊት አይታወቅም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ሰዎች በትኩሳት መሞት ሲጀምሩ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መሰለ። ካላዛር መሆኑ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2007 ድረስ 2,450 ያህል ሰዎች ታመው 120 ሞተዋል። ተውሳኩን ያመጡት ከመተማና ከሁመራ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ተመራማሪዎች ገምተዋል፤ ዝንቧ ግን ድሮውንም እዚያው ነበረች።

*

የመድኃኒቱ ታሪክ ከመቶ ዓመት በፊት ይጀምራል። ሕንዳዊው ሐኪም ኡፔንድራናት ብራህማቻሪ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ካልካታ ውስጥ አንቲሞኒ ከተባለ ማዕድን የቀመመው መድኃኒት ብዙ ሕይወት አተረፈ። የዚያ ዘር የሆነው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት በኢትዮጵያም ለአሥርት ዓመታት ዋናው መድኃኒት ሆነ፦ በየቀኑ አንድ የሚያም መርፌ፣ ለ30 ቀን። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ከፓሮሞማይሲን ጋር ተጣምሮ ወደ 17 ቀን አጠረ።

ኤችአይቪ ላለበት ሰው ግን አንቲሞኒ አደገኛ ነው። ቆሽትን ያቆስላል፣ የልብ ምትን ያዛባል። የዚህን ክብደት ካሳዩት ጥናቶች አንዱ የተካሄደው ሁመራ ውስጥ ነው። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን እዚያ ያክማቸው የነበሩ 580 ወንዶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ የተለመደውን መርፌ፣ ግማሾቹ ሚልቴፎሲን የተባለውን ኪኒን ወሰዱ። ሚልቴፎሲን መጀመሪያ ለጡት ካንሰር የተሠራ፣ በኋላ ካላዛርን የሚገድል ሆኖ የተገኘ፣ በአፍ የሚወሰድ የመጀመሪያው የካላዛር መድኃኒት ነው። በሕክምናው ጊዜ መርፌ ከወሰዱት 10 በመቶው ሲሞቱ ኪኒን ከወሰዱት የሞቱት 2 በመቶ ነበሩ። ይህ በራሱ ትልቅ ዜና ነበር። ሆኖም ኤችአይቪ ካለባቸው መካከል በኋላ የገረሸባቸው ኪኒኑን በወሰዱት ዘንድ በዝተው ተገኙ። መርፌው ሰውየውን ያሰጋል፤ ኪኒኑ ተውሳኩን ያስተርፋል። ሐኪሞቹ የነበሩበት ጭንቅ ይህ ነው።

ከዚያ አምቢሶም መጣ። አምፎተሪሲን የተባለ የቆየ መድኃኒት በጥቃቅን የስብ ጠብታዎች ተጠቅልሎ የተሠራ ነው። ማክሮፌጅ ስብ ጠብታውን ባዕድ ነው ብሎ ይውጠዋል፤ መድኃኒቱም ተውሳኩ ከተደበቀበት ጓዳ በቀጥታ ይደርሳል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ከአንቲሞኒ ጋር ሲነጻጸር ለታማሚው ሰውነትም ይራራል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ብቻውን ተሰጥቶ የታየው ውጤት ግን ቅር የሚያሰኝ ሆነ፤ ኤችአይቪ ካለባቸው ከአሥሩ የዳኑት ስድስት ያህል ብቻ ነበሩ፤ ቀድሞ ገርሽቶባቸው በመጡት ዘንድ ደግሞ ከዚያም አነሰ።

መልሱን የፈለጉት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችና አጋሮቻቸው፣ እዚያው በሽታው ባለበት ቦታ ናቸው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለው የሌይሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከልና አብደራፊ ያለው ሕክምና ጣቢያ የጥናቱ ቦታዎች ሆኑ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲታተም የመጀመሪያው ስም የዶክተር ኤርሚያስ ዲሮ ነበር። 39 ታማሚዎች አምቢሶምንና ሚልቴፎሲንን አጣምረው፣ 19 ደግሞ አምቢሶምን ብቻውን በከፍተኛ መጠን ወሰዱ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን እነዚህን ታማሚዎች ብቻ ይዞ እንዲህ ያለ ጥናት መሥራት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ትንሽ አይለውም።

በ29ኛው ቀን ጣፊያቸው ሲመረመር ጥምሩን ከወሰዱት 67 በመቶው ከተውሳኩ ነጽተው ተገኙ፤ አምቢሶምን ብቻ ከወሰዱት 50 በመቶው። ትኩሳታቸው ጠፍቶ፣ ሰውነታቸው ጠንክሮ፣ ጣፊያቸው ላይ ግን ተውሳክ የቀረባቸው ሰዎች ነበሩ። የቀድሞው ልማድ እነዚህን ሕክምናው አልሠራላቸውም ብሎ ወደ ሌላ መድኃኒት ያዞራቸው ነበር። በጥናቱ ግን ያው ሕክምና አንድ ዙር ተደገመላቸው። በ58ኛው ቀን ጥምሩን ከወሰዱት የነጹት 88 በመቶ ደረሱ፤ ሌላው ወገን 55 በመቶ ላይ ቀረ።

ከጥናቱ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ይመስላል። መድኃኒቱ ከመቀየሩ ይልቅ የተቀየረው የሕክምናው ማብቂያ ነው። ሕክምናው የሚያበቃው የቀን መቁጠሪያው 28 ሲል ሳይሆን የጣፊያው ናሙና ንጹሕ ሲሆን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ባወጣው መመሪያ ይህንኑ ጥምር ለምሥራቅ አፍሪካ ተቀበለው፦ አምቢሶም በአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊ ግራም፣ በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ5ኛው፣ በ7ኛው፣ በ9ኛውና በ11ኛው ቀን፤ ሚልቴፎሲን በቀን 100 ሚሊ ግራም ለ28 ቀን። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ባለ 50 ሚሊ ግራም 30 ብልቃጥ አምቢሶም ማለት ነው። ብልቃጡ ከ25 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት፤ የሚሰጠው ደግሞ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት ቆላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አምራቹ ጊሊያድ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ስለሚለግሰው ለታማሚው በነፃ ይሰጣል። ልገሳ ባይኖር ይህን ሁሉ ብልቃጥ የሚገዛ የቀን ሠራተኛ የለም። ሚልቴፎሲን ፅንስን ስለሚጎዳ ልትወልድ የምትችል ሴት በምትወስድበት ጊዜና ከዚያም በኋላ ለወራት እርግዝና መከላከል አለባት።

*

ታማሚው ከአልጋው ሲነሳ ግርሻት ገና ከፊቱ ነው። ሲዲ 4 ሴሎቹ ከ200 በታች እስከሆኑ ድረስ ጠባቂ የለውም። ስለዚህ ጎንደርና አብደራፊ ውስጥ ሌላ ነገር ተሞከረ። 74 ሰዎች ለአንድ ዓመት በየወሩ አንድ ጊዜ ፔንታሚዲን የተባለ መድኃኒት ተሰጣቸው። ይህ የተመረጠበት ምክንያት ብልህ ነው፤ ፔንታሚዲን በአካባቢው ለካላዛር ሕክምና ስለማይውል፣ ተውሳኩ ቢለምደው እንኳ ዋናዎቹ መድኃኒቶች አይበላሹም። አብዛኞቹ ሳይገረሽባቸው ከረሙ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሁለቱም በሽታ ያለበት ሰው ከመጀመሪያው ሕመም በኋላ እንዲህ ያለ ጥበቃ እንዲደረግለት ይመክራል።

በየወሩ፣ ለአንድ ዓመት። ቋሚ አድራሻ ላለው ሰው ይህ ይቻላል። ታማሚው ግን ሰኔ ላይ አረም፣ መስከረም ላይ አጨዳ፣ ከዚያ ሌላ እርሻ፣ ከዚያ ቤተሰቡ ያለበት ደጋ የሚሄድ ሰው ነው። ቀጠሮው የሚወድቀው ሥራ በሚገኝበት ሳምንት ከሆነ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለበት፤ ለረሃብ ቅርብ የሆነ ሰው የሚመርጠው ደግሞ ይታወቃል። በዚያ ላይ ካላዛሩ በአንድ ክፍል፣ ኤችአይቪው በሌላ ክፍል፣ በተለያየ ካርድና በተለያየ ቀን በሚታይበት ቦታ ድካሙ እጥፍ ነው። ሳምባ ነቀርሳም ያለባቸው ጥቂት አይደሉም፤ ምግብ ያነሰው ሰውነት ደግሞ ኤችአይቪ ባይኖርበት እንኳ መከላከያው ደካማ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ አካባቢው ያሳለፈው ጦርነት መንገዱንም ወደ ሐኪም ቤት መድረሱንም አክብዶታል። እንዲህ ላለው ታማሚ ክትትል የሕክምናው ጭራ ሳይሆን ግማሽ አካሉ ነው። የወር ቀጠሮው እርሻው ድረስ ሊወርድለት፣ ሁለቱም በሽታ በአንድ ሐኪም ፊት ሊታይለት ይገባል።

የተዳከመ መከላከያና የቆየ ተውሳክ የሚገናኙበት መንገድ በካላዛር ብቻ አያልቅም። ስትሮንጂሎይድስ የሚባል የአንጀት ትል አለ፤ በባዶ እግር ከረገጡት አፈር ይገባል፣ በሰው ውስጥ ራሱን እየተካ ለአሥርት ዓመታት ይኖራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የታይላንድና የበርማን ባቡር ሐዲድ በግዞት የሠሩ የእንግሊዝ ወታደሮች አገራቸው ገብተው ከ30 ዓመት በኋላ ሳይቀር ተገኝቶባቸዋል። ሰውየው ለአስም ወይም ለሌላ ሕመም እንደ ዴክሳሜታሶን ያለ ስቴሮይድ ሲጀምር፣ ወይም ኩላሊት ሲተከልለትና መከላከያው ሆን ተብሎ ሲቀንስ፣ ትሉ በመላ ሰውነት ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል። ኢትዮጵያ ተወልዶ ዛሬ ቴል አቪቭ፣ ዋሽንግተን ወይም ሪያድ የሚኖር ሰው እንዲህ ያለ መድኃኒት ሲታዘዝለት የት እንዳደገ ለሐኪሙ መናገሩ አይከፋም። ምርመራ አለው፤ መድኃኒቱም አይቨርሜክቲን ነው።

ወደ ካላዛር ስንመለስ፣ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ50 እስከ 90 ሺህ ሰዎች አዲስ በካላዛር እንደሚያዙ ይገመታል፤ ዛሬ ሸክሙ የበዛው በምሥራቅ አፍሪካ ነው። ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ2023 በሽታውን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን አውጥታለች። ምሥራቅ አፍሪካም በዚያው ዓመት ናይሮቢ ላይ ተመሳሳይ ዕቅድ ይዛለች። በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተሞከረው የ14 ቀን የሚልቴፎሲንና ፓሮሞማይሲን ሕክምና ከመቶ 91 ታማሚዎችን አድኗል። ያ ጥናት ግን ኤችአይቪ ያለባቸውን አላካተተም። መልካም ዜናው ሁሉ እነሱን አልፎ የሚሄድ ከሆነ ተውሳኩ የሚቆየው እነሱ ጋ ነው፤ ከእነሱም ወደ ሌላው ይሻገራል።

በቤታችሁ ወይም በመንደራችሁ ከመተማ፣ ከሁመራ፣ ከአርማጭሆ ወይም ከኦሞ ቆላ የተመለሰ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ትኩሳት ያልለቀቀው፣ የከሳና ግራ ጎኑ ያበጠ ሰው ካለ፣ የወባው መድኃኒት አልሠራም ብላችሁ ሌላ ወር አትጠብቁ። ጸበሉንም ቢጠመቅ ሐኪም ቤቱን አያስቀር። ለሐኪሙ ቆላ ወርዶ እንደነበር ይንገር፤ የካላዛርና የኤችአይቪ ምርመራ በአንድ ቀን ይጠይቅ። ሁለቱም ከተገኙበት ደግሞ አልጋ ላይ ካለበት ሰዓት ይልቅ ከወጣ በኋላ ያለው ዓመት ነውና የሚያስፈራው፣ በየወሩ ቀጠሮው እንዳያልፈው አብሮት የሚሄድ ወይም ሄደህ ነበር ብሎ የሚጠይቀው አንድ ሰው ይመደብለት።